አሪቲ የነካው መዳፍ

በሁለት ሺህ ሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ሃያ ስምንት ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በቢሾፍቱ ከተማ የውሃው ሰዓት አብቅቶ የጥላው ሰዓት ተጀመረ። ቧንቧዎች ሁሉ በአንድነት ዝም አሉ፤ ከጎዳናዎቹ በላይ ተጠቅልለው ያደሩት የፀሐይ መከለያ ሸራዎችም እየተንሿሹ ተዘረጉ። ከዚያች ሰዓት በኋላ ከሸራው ውጭ የሚሄድ ሰው ቢታይ፣ ወይ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ወይ ነገር የቸኮለበት ነው።

በልሁ አስፋወሰን በቤቱ በረንዳ ላይ፣ ሁለት እጆቹን በሚስቱ በስንዱ እጆች መካከል አድርጎ ቆሞ ነበር። ስንዱ በማሰሮ የተከለችውን ተክል ስትመለምል ቆይታ፣ ፊቱን አይታ መቀሱን ወደ ጎን አስቀምጣ ነው የመጣችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለዚህ ሥራ ሲወጣ እጁን የሚይዝለት ሰው አስፈልጎት አያውቅም ነበር።

«ይንቀጠቀጣሉ» አለችው።

«ብርድ ነው።»

«ብርድ? ብርድ የሚባለውን ነገር ለመጨረሻ ጊዜ ያየነው ስንጋባ አይደል እንዴ!»

ሳቅ ቃጣው፤ ግን አልሳቀም። «ስንዱ፣ ዛሬ ይታወቅብኛል።»

«አይታወቅብህም። ጠጣ፣ ዝም በል፣ ጻፍ። ቀይ ሆኖ አፍህን ካደረቀው ‹ሻይ› በል። ነጭ ሆኖ ጥርስህን ከያዘው ‹ሎሚ› በል። ማን ይመረምርሃል?»

«ምስክር አለ አልኩሽ እኮ። ከቀማሾች ጽሕፈት ቤት ሰው ይመጣል፤ ጌዴዎን የሚሉት።»

«ጌዴዎንም ሰው ነው። ቁርሱን ሳይበላ ይመጣል፤ ይርበዋል፤ ይቸኩላል።» እጆቹን አጥብቃ ጨበጠችና ለቀቀቻቸው። «በል ሂድ፤ ጥላው ሳይጨናነቅ።»

በልሁ ቀማሽ ነው። ሥራው በሕግ የታወቀ፣ በመዝገብ የሰፈረ ሥራ ነው። አንድ ዘመን ነበር፣ ምግብ ቤቶች ሁሉ መጠጣቸውን መለኪያ በሚሉት የሚናገር መሣሪያ የሚያስመርጡበት። መለኪያው የእንግዳውን ምላስ ከባለቤቱ ይበልጥ ያውቃል፤ እንግዳው ወንበር ሳይስብ የሚወደው መጠጥ ይቀዳለታል፤ እንግዳውም በእርግጥ ይወደዋል። ቅሬታ ያቀረበ አንድም ሰው አልነበረም። ከሞያሌ እስከ ሁመራ የመጠጥ ዝርዝሩ አንድ ዓይነት ሆነ፤ ሰውም ስለ ጠጣው ነገር መናገር ተወ። በዚያን ዘመን በምግብ ቤት ውስጥ የሚሰማው የሹካ ድምፅ ብቻ እንደነበር ያዩ ሰዎች ይናገራሉ። ኋላ በሁለት ሺህ አምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ሕግ ወጣ፤ መለኪያው መካሪ ብቻ ሆኖ፣ ማናቸውም የወይን ዝርዝር በሰው አፍ ተቀምሶ፣ በሰው ቃል ተጽፎ፣ በሰው እጅ እንዲፈረም ታዘዘ።

ሕጉን የጻፉት ሰዎች ለፊርማው የሚሆን ሥርዓት ሲፈልጉ አንድ የተረሳ ልማድ አገኙ። ድሮ በግብር አዳራሽ ጠጅ የሚያሳልፈው ሰው፣ ብርሌውን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይጠጣ ነበር። በመጠጡ ውስጥ መርዝ ቢኖር አስቀድሞ የሚሞተው እርሱ ነውና፣ ያቺ ጠብታ ከመሐላ ሁሉ የበለጠች ማረጋገጫ ነበረች። ስለዚህ ዛሬም ቀማሽ ከብርጭቆ አይጠጣም። ወይኑን በመዳፉ ይቀበላል፣ ይጠጣል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ከዚያም «ቀምሻለሁ» ይላል። ይህንን በእውነት የሚፈጽም ምግብ ቤት በበሩ ላይ ከነሐስ የተሠራ መዳፍ ይሰቅላል። በቢሾፍቱ መዳፍ የተሰቀለባቸው በሮች ሦስት ብቻ ናቸው።

የበልሁ አፍንጫ ከሞተ ደግሞ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ከምሥራቅ የነፈሰው አቧራ ሳምንት ሙሉ አስተኛው። ሲነሣ ሳል የለም፣ ትኩሳት የለም፤ ሽታም የለም። ሐኪሙ ዕድሜያቸው ከአምሳ በላይ ከሆኑት መካከል ሲሶው እንዲህ እንደሚሆን በትህትና አስረዳው። ምላሱ ጨውን ከጣፋጭ፣ ኮምጣጣን ከመራራ ይለያል፤ ከዚያ ያለፈው ሁሉ ተዘግቷል።

ለስንዱ ብቻ ነገራት። በዚያን ጊዜ ቀማሽ የጠርሙሶቹን ትራፊ ወደ ቤቱ ወስዶ በጸጥታ መጻፍ ይፈቀድለት ነበር። ማታ ማታ እርሷ በብርጭቆ እያሸተተች ትነግረዋለች፣ እርሱ ይጽፋል። የወይን ትምህርት አልተማረችም፤ የምትናገረው የምታውቀውን ነው። ስለ አንድ የዴንማርክ ቀይ ወይን «ጧት ታጥቦ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጋቢ፣ ገና ዳርዳሩ እርጥብ እንደሆነ» አለች፤ እንዳለችው ጻፈው። ያቺን ዓረፍተ ነገር እንግዶች እየገለበጡ ወሰዷት። የበልሁ ዝና በሠላሳ ዓመት ያልደረሰበት ደረጃ ላይ የደረሰው፣ እንግዲህ፣ ማሽተት ካቆመ በኋላ ነው። ይህ ነገር በሚስቱ ሲያኮራው፣ በራሱ ያሳፍረው ነበር። ዘንድሮ ግን፣ በሌላ ከተማ አንድ ቀማሽ ሳይቀምስ ፈርሞ ስለተገኘ፣ ጽሕፈት ቤቱ ደንቡን አጠበቀ፤ ጠርሙሱ ከሚከፈትበት እስከ ፊርማው ያለው ሁሉ ባንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በምስክር ፊት እንዲፈጸም አዘዘ።

ምግብ ቤቱ «ሆራ ደረጃ» ይባላል። ሲከፈት ከበረንዳው እስከ ሐይቁ አሥራ ሁለት ደረጃ ነበር፤ ውሃው እየሸሸ ሲሄድ እየተጨመረ ዛሬ መቶ አርባ ደርሷል። ባለቤቷ ወይዘሮ ትርንጎ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ አፋቸው ግን ከጉልበታቸው ጋር አላረጀም።

«መጣህ?» አሉት ከደጃፉ። «መለኪያው ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይለፈልፋል። አንድ ጊዜ እንኳ ቀድመኸው ብትመጣና ደስ ቢለኝ!»

«እርሱ አይተኛም እኮ፣ እትዬ።»

«አንተስ መች ተኛህና? ዓይንህን አላየኸውም።»

ጌዴዎን ቀድሞ ተቀምጧል። ወደ አርባ የሚጠጋ ቀጭን ሰው ነው፤ ከፊቱ በእጅ የሚጻፍበት ወፍራም መዝገብ ተዘርግቷል። ወይዘሮ ትርንጎ ቁርስ ቢያቀርቡለት በሁለት እጁ ገፋው። «ፊርማው እስኪያልቅ አልቀምስም። ደንብ ነው።»

«ደንቡ ሆድ የለውም እንዴ?»

«የለውም» አለ ጌዴዎን፣ ሳይስቅ።

አሥራ ሁለት ጠርሙሶች በተራ ተደርድረዋል። ለበጋው ዝርዝር የሚመረጡት አራት ናቸው፤ ክረምቱ አምስት ሳምንት ብቻ ከሆነ ወዲህ የበጋው ዝርዝር ማለት የዓመቱ ዝርዝር ማለት ነው። ወይኖቹ አውሮፓውያን ናቸው፤ ነገር ግን በልሁ በልጅነቱ በቃሉ ካጠናቸው አገሮች የመጣ አንድም የለም። ድሮ በወይኗ በታወቀችው በፈረንሳይዋ ቦርዶ ዛሬ የሚዘራው ማሽላ ነው። ወይን ወደ ሰሜን ወጥቷል፤ የጠርሙሶቹ ወረቀት ስኮትላንድ፣ ኢስቶኒያ፣ ዴንማርክ፣ የስዊድን ደሴቶች ይላል።

«አንደኛ» አለ መለኪያው፣ ከጠረጴዛው መሃል፣ ለስላሳ በሆነ ድምፅ። «ስኮትላንድ። ነጭ። ለዚህ ከተማ እንግዶች ተስማሚነቱ ሰማንያ ስምንት ከመቶ።»

በልሁ መዳፉን ዘረጋ፤ ጌዴዎን ቀዳለት። ወይዘሮ ትርንጎ እንደ ልማዳቸው በግራው በኩል ተቀምጠው አንገታቸውን ወደ መዳፉ ሰገግ አደረጉ፤ ከዚያም እንደ ተነከሰ ሰው ቀጥ አሉ።

«በልሁ፣ ዛሬ በምን ታጠብህ?»

«በውሃ ነው እንጂ በምን እታጠባለሁ፣ እትዬ?»

«በውሃ ብቻ?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሌላ ነገር ታጥቤ አውቃለሁ እንዴ?»

አሮጊቷ ብዙ አዩት። በአስተያየታቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ሰው ከሩቅ የሚመጣ ወዳጁን ሲያነክስ ባየው ጊዜ ፊቱ የሚሆነውን ፊታቸው ሆኖ ነበር። በልሁ ጠጣ፣ ጠበቀ፣ «ቀምሻለሁ» አለ፤ በወረቀቱም ላይ «ሎሚ» ብሎ ጻፈ። ቃሉን አይቶ ተጸየፈው። መጻፍ የማያውቅ ሰው የሚያኖረው የጣት ፊርማ መሰለው።

እስከ ስድስተኛው ድረስ እንዲሁ ሄደ። ሎሚ፣ ሻይ፣ ሻይ፣ ሎሚ፣ ሻይ። ጌዴዎን ዓይኑን አቅርቦ ያነባል፣ ወደ መዝገቡ ይመለሳል። ስድስተኛው ሲያልቅ የቀሩት ስድስቱ የመጡበትን ሣጥን ማኅተም ለመመርመር ወደ ጓዳ ገባ። ያኔ ወይዘሮ ትርንጎ የበልሁን አንጓ ያዙ።

«እጅህ አሪቲ አሪቲ ይሸታል። እስከ በሩ ድረስ ነው የሚሸተው!»

በልሁ እጁን ወደ አፍንጫው ሊያነሣ ጀምሮ ተወው። ምን ሊያደርግለት? የበረንዳው ማሰሮ ፊቱ ላይ ድቅን አለ፤ ስንዱ ስትመለምለው የነበረው አረንጓዴ ነገር። በየቀኑ በአጠገቡ እያለፈ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሆነ አልጠየቃትም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉት፤ የሚጠይቁት ስለ አሪቲው እንዳልሆነ ገባው።

«ከሰማንያ ግንቦት።»

«ሁለት ዝርዝር!»

«ሁለት።»

«የጋቢዋስ? ያቺ ዓረፍተ ነገር የማን ናት?»

«የስንዱ ናት።»

ወይዘሮ ትርንጎ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እኔ ደግሞ በስተርጅና ባለቅኔ የሆንህ መስሎኝ፣ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳወራልህ ከረምኩ!» ዓይናቸውን ሲገልጡ ድምፃቸው ወርዶ ነበር። «ስማኝ። ልቆጣህ እችል ነበር፤ ለቁጣው ነገ አለ። አሁን ስድስት ቀርቶሃል። መለኪያው የሚለውን እየሰማህ ያንኑ በራስህ ቃል ገልብጠህ ጻፍ። የእጅህን ነገር እኔ ሰበብ አበጅለታለሁ። ያ መዳፍ ከደጄ ላይ ከወረደ፣ ይህ ቤት መዳፍ ከሌለው ከማዶው ቤት በምን ይለያል?»

ጌዴዎን ከጓዳ ተመለሰ።

«ሰባተኛ» አለ መለኪያው። «ስዊድን፣ ጎትላንድ ደሴት። ነጭ። ዝርያው አሲርቲኮ፤ ከግሪክ፣ ከሳንቶሪኒ ደሴት ተነቅሎ የተተከለ። ተስማሚነቱ አርባ አንድ ከመቶ። ከዝርዝሩ እንዲወጣ ይመከራል።»

በልሁ መዳፉን ዘርግቶ ቀረ።

ሳንቶሪኒ የመጨረሻውን ወይን የለቀመችው በአምሳ ስምንት ነበር። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በልሁ ገና ተለማማጅ ሳለ፣ ከዚያች ደሴት ከመጣ ጠርሙስ ስር የቀረችውን ሁለት ጉንጭ ያህል በመድኃኒት ብልቃጥ አድርጎ ለስንዱ ወስዶላት ያውቃል። ገና እጮኛው ነበረች። በነጠላዋ ጫፍ አሪቲ ቋጥራ የምትሄድ ልጅ ነበረች፤ ወይኑ እንዲሸታት ብሎ ቋጠሮውን አስፈትቶ ውጭ አስቀምጦት ነበር። ብልቃጡን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ቆየችና «ዝናብ የነካው ድንጋይ ነው» አለች፤ ቀጥላም፣ «ኋላ ደግሞ ባሕር ይመጣል።» «ባሕር መች አየሽና?» ብሎ ሳቀባት። እርሷ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «አላየሁም። ይናፍቀኛል ግን።» ሲጋቡ አሪቲውን ጣለችው፤ ለቀማሽ ቤት ሽታ አይሆንም ብላ። ሽቶ አልተቀባችም፤ ሽታ ያለው ሳሙና ወደ ቤቷ አላስገባችም፤ በዓመት በዓል እንኳ ሣር አልጎዘጎዘችም። ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ። አፍንጫው ከሞተ በኋላ ብቻ፣ እርሱን እንዳይከፋው ሳትነግረው፣ በማሰሮ መልሳ ተከለችው።

ወይኑ በመዳፉ ውስጥ ነበር። ጠጣው። ኮምጣጣነቱ የምላሱን ዳርና ዳር ያዘው። ሌላ ነገር አልነበረም። ብዕሩን አነሣ። መጻፍ የሚችለው «ሎሚ» የሚል ቃል ብቻ ነበር።

በዚህ ጊዜ በሩ በኃይል ተከፈተ። ስንዱ ናት። በጥላው ጎዳና ዞራ እንዳልመጣች ፊቷ ይናገራል፤ በፀሐይ አቋርጣ ስትሮጥ ቀልቷል፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ በክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል። በእጇ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እርሱ አያውቅም። ተክል ስመለምል በቆየሁበት እጅ እጁን ያዝኩት… ኋላ እጄን ሳሸተው ነው የደነገጥኩት። ሳሙና አምጥቻለሁ፤ ሽታ የሌለውን፣ የድሮውን። ይታጠብና ይቀጥል፤ እባክዎ ጌታዬ።»

ጌዴዎን ከስንዱ ወደ በልሁ፣ ከበልሁ ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ተመለከተ።

«አያችሁ!» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ ፈጥነው። «ሴቲቱ ናት! እኔም አንድ ነገር ሸትቶኝ ዝም ብዬ እኮ ነው። ታጠብ በልሁ፤ ስድስቱንም እንደገና ትቀምሳለህ።»

«ደንቡ ይፈቅዳል» አለ ጌዴዎን። «እጅ በድንገት ቢበከል ታጥቦ እንዲደገም ይላል። ይታጠቡ፣ አቶ በልሁ።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለት ነበር። ስንዱ የሳሙናውን ጨርቅ ፈትታ ዘረጋችለት፤ ፊቷ ላይ ያለውን ተስፋ ሲያይ እጁን አነሣ። ከዚያም መልሶ በጠረጴዛው ላይ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ አኖረው።

«ብታጠብ ለውጥ የለውም» አለ። «አሪቲው ሳይሸተኝ የመጣሁት ስላላወቅሁ አይደለም፤ ማሽተት ስለማልችል ነው። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ይሆናል። ያለፉትን ሁለት ዝርዝሮች ቀምሻለሁ ብዬ ፈርሜአለሁ፤ አልቀመስኩም። ቃሉ የባለቤቴ ነው፤ ፊርማው ብቻ ነው የእኔ። እትዬ ትርንጎ እስከ ዛሬ አያውቁም ነበር።»

«አንተ ሰው!» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

«ለምን አሁን?» አለ ጌዴዎን። «ሊያልፉት ይችሉ ነበር።»

«ስድስቱን አልፌአቸው ነበር። ይህንን ግን…» በልሁ ወደ ሰባተኛው ጠርሙስ ጠቆመ። «ይህንን ‹ሎሚ› ብዬ መጻፍ አልቻልኩም። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ነግሮኛል።»

ስንዱ የጠርሙሱን ወረቀት አነበበች። የሳሙናውን ጨርቅ በእጇ ጨበጠች።

ጌዴዎን መዝገቡን ወደ ኋላ ገልብጦ ጥቂት ጻፈ። ሲናገር ድምፁ የጽሕፈት ቤቱ ድምፅ ነበር። «አቶ በልሁ አስፋወሰን ከዛሬ ጀምሮ ከቀማሾች መዝገብ ተሰርዘዋል። ምክንያቱ ይጻፋል፤ መሰረዝዎም በስምዎ ለሕዝብ ይገለጻል። ሁለቱ ዝርዝሮች እንዳልተፈረሙ ይቆጠራሉ። የዚህ ቤት መዳፍ፣ ባለቤቷ ሳያውቁ ስለሆነ፣ ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምትክ ቀማሽ ከተገኘ በቦታው ይቆያል። ካልተገኘ ይወርዳል።» ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያለው ድምፅ የራሱ ነበር። «ወይዘሮ ስንዱ፣ የጋቢዋ ነገር የእርስዎ ናት ማለት ነው?»

«የእኔ ናት።»

«አምና እዚያ ጥግ ተቀምጬ አነበብኳት። የዚያኑ ዕለት ለእናቴ ደወልኩላት። ሁለት ዓመት አልደወልኩላትም ነበር።» እንደ ማፈር ብሎ መዝገቡን አስተካከለ። «ምትክ ቀማሽ ፈተና አለበት። ሦስት ብርጭቆ፣ ስማቸው ሳይነገር። ግን ፈተናውን ሰው ራሱ ይጠይቃል እንጂ አይገደድም።»

«እኔ ወይን አልተማርኩም» አለች ስንዱ።

«አንቺ ስንዱ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴን ይዘሽ ኖርሽ፤ አሁን ስጠይቅሽ ነው የምትግደረደሪው?»

ስንዱ ወደ ባልዋ ዞረች። ሊሰጣት የሚችለው ነገር ምን እንደሆነ ሲፈልግ አየችው። «ከተከፋህ አልገባበትም» አለችው በዝግታ። «ስምህ በተፋቀበት ቦታ ስሜን አላኖርም።»

«እኔማ ሁለት ዓመት ሙሉ ስምሽ ሊጻፍ በሚገባው ቦታ ስሜን ሳኖር ነበር» አላት። «ታጠቢ፣ ስንዱዬ።»

ለእርሱ ባመጣችው ሳሙና እርሷ ታጠበች። ብዙ ጊዜ ታጠበች፤ ወይዘሮ ትርንጎ ውሃ በጣሳ አፈሰሱላት፣ በውሃው ሰዓት ከተጠራቀመው፣ ሳይሰስቱ። እየደጋገመች እጇን ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች፤ «አሁንም አለ» ትላለች፤ እንደገና ታሻለች። በልሁ ቆሞ ያያታል። አሪቲው ከእጆቿ ሲለቅ፣ ሠላሳ ዓመት የተወችው ነገር ለሁለተኛ ጊዜ ሲወሰድባት መሰለውና ልቡ ከበደው።

«ማሰሮው ይቀመጥ» አላት። «በረንዳው ላይ ይሁን። በሥራሽ ቀን ብቻ አትንኪው።»

«አንተን ምን ይጠቅምሃል?»

«አንቺ ስታሸችው አይሻለሁ።»

የሦስቱ ብርጭቆዎች ፈተና ብዙ አልፈጀም። የመጀመሪያውን «በዝናብ ማግስት የተከፈተ የእህል ጎተራ» አለችው፤ ሁለተኛውን «የልጅ ራስ፣ ከፀሐይ ሲገባ»። ሦስተኛውን አልወደደችውም፤ «ለማስደሰት ብቻ የተሠራ ነው» ብላ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋችው። መለኪያው ያንን ዘጠና አራት ከመቶ ሰጥቶት ነበር። ጌዴዎን ሁሉንም እንደተናገረችው ጻፈ፤ ለሦስተኛው ከንፈሩ ሳይታወቀው ፈገግ አለ።

ከዚያ የመጨረሻው ሥርዓት ቀረ። በደንቡ፣ ሥራውን የሚለቀው ቀማሽ በሚተካው ሰው መዳፍ ላይ በእጁ ይቀዳል። በልሁ ሰባተኛውን ጠርሙስ አነሣ። ስንዱ መዳፏን ዘረጋች፤ በሳሙናው ብዛት ቀልቶ፣ ገና እርጥበት አለው። ቀዳላት።

ጠጣች። ሥርዓቱ የሚጠይቀውን ያህል ጠበቀች፤ ከዚያም በላይ ጠበቀች። ዓይኖቿ ተጨፍነው፣ ከንፈሯ ጥቂት ተከፍቶ፣ ከሩቅ የሚጠራትን ድምፅ ለመለየት እንደምትሞክር ሰው ቆመች።

«ቀምሻለሁ» አለች።

«ምን ልጻፍ?» አለ ጌዴዎን።

«ያው ድንጋይ ነው። ዝናብ የነካው።» ይህንን ያለችው ለበልሁ እንጂ ለመዝገቡ አልነበረም። «ባሕሩ ግን ርቋል። መጀመሪያ የለም መስሎኝ ነበር። አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚመጣው። እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ፤ ‹ዝናብ የነካው ድንጋይ። ባሕሩ ኋላ ይመጣል፤ ጠብቁት።›»

«ተስማሚነቱ አርባ አንድ ከመቶ» አለ መለኪያው። «ከዝርዝሩ እንዲወጣ…»

«አንተ ደግሞ ዝም በል!» አሉት ወይዘሮ ትርንጎ። «ይገባል። አንደኛ ላይ ይጻፍ።»

ጌዴዎን ጻፈ፤ ስንዱ ፈረመች። ከእርሷ በፊት በዚያ ገጽ ላይ የነበረው ስም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰርዞ ነበር፤ ቢሰረዝም ይነበባል። ከሥሩ የእርሷ ተጻፈ። ጌዴዎን መዝገቡን ዘጋ፤ ትንፋሹን ለቀቀና ቁርስ እንዳለ ጠየቀ።

«የቀሩት አሥራ አንዱ ጠርሙሶችስ?» አለች ስንዱ።

«ከቁርስ በኋላ ይደርሳሉ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። «ሰውየው ከረሃብ የተነሣ ድንጋዩንም ሊበላው ነው።»

ሁለቱ ወደ ጓዳ ሲገቡ ባልና ሚስቱ በጠረጴዛው አጠገብ ብቻቸውን ቀሩ። ስንዱ ንጹሕ ብርጭቆ አነሣች፤ ከሰባተኛው ጠርሙስ ቀዳች፤ በሁለት እጇ ይዛ ለባሏ አቀረበችለት። በልሁ ዘመኑን ሁሉ ቀድሞ የሚጠጣ ሰው ነበር። ሌላ ሰው ቀምሶለት፣ ሌላ ሰው በሕይወቱ አረጋግጦለት፣ በብርጭቆ ተቀድቶለት ሲጠጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጎንጨት አለ። ኮምጣጣነቱ እንደ ቅድሙ የምላሱን ዳርና ዳር ያዘው። ከዚያ ውጭ ምንም አልነበረም። ብርጭቆውን ሊያስቀምጥ ሲል አየችውና ክንዱን ያዘችው።

«ጠብቅ እንጂ» አለችው።

ጠበቀ። ከመስኮቱ ውጭ ሸራዎቹ በነፋሱ ይንሿሻሉ፤ ከመቶ አርባው ደረጃ በታች ሐይቁ ያበራል። ጉንጩ ውስጥ የቀረው እርጥበት ቀስ በቀስ እየደረቀ ሄደ፤ እየደረቀም ሲሄድ በምላሱ ጫፍ ላይ፣ በጣም ቀጭን፣ ከሩቅ የመጣ ነገር ተሰማው። ጨው ነበር።

«መጣ?» አለችው ስንዱ።

«መጣ» አላት።